በማታቱ ውስጥ አማርኛ አይወራም

ልጆቼን ናይሮቢ ሳሳድግ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረኝ፤ የከተማው ሚኒባስ በሆነው በማታቱ ውስጥ አማርኛ አይወራም። ፖሊስ ከገባ መታወቂያ አሳይቶ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ነው። ሌላ ሰው ሲያስወርዱ አይታይም፣ ለምን አይባልም። ይህንን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። እንደ ማንበብና መጻፉ ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ነው፤ ለልጆቼም ጨዋነት ነው ብዬ አወረስኳቸው። ጨዋነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋ ልጄ መሃል ከተማ ወስዳ ፊልም አሳየችኝ። ሁለት እህትማማቾች በአሮጌ መኪና ወደ ዘመድ ሠርግ ይጓዛሉ። መንገድ ላይ ከመሬታቸው የተባረሩ ገበሬዎች፣ ጣታቸው የቆሰለ ሻይ ለቃሚዎች ያጋጥሟቸዋል። ታላቂቱ «ንጂ፣ እንዳይመሽብን» ትላለች። ታናሺቱ በየቦታው ትቆማለች፤ በቆመች ቁጥርም መልሳ መንዳት ይከብዳታል። በመጨረሻ ሠርጉ ያመልጣቸዋል።

ስንወጣ «ታናሺቱ እህቷን ከሰው ሠርግ አስቀረቻት» አልኩ።

«አባዬ፣ አንተ እኮ ቁርጥ ታላቂቱን ነህ» ብላ ሳቀች።

«ታላቂቱ ባትኖር ነዳጅ የሚሞላም አልነበረ።»

ወደ ሰፈራችን ወደ ካሳራኒ የሚሄድ ማታቱ ያዝን። ያን ሰሞን የስደተኛ መታወቂያዬ ጊዜ አልፎ ነበር። ኪሴ ውስጥ የነበረው እስኪታደስ የተሰጠኝ፣ ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ የተቀደደ ወረቀት ነው። ለልጄ አልነገርኳትም።

ቲካ መንገድ ላይ ፖሊሶች አስቆሙንና አንደኛው ገባ። ከፊታችን ሻንጣዋን ጭኗ ላይ ያቀፈች ሴት ተቀምጣለች። «ኪታምቡሊሾ» አላት። ቀና ብላ አየችው። ደገመላት።

«ምን እንደሚል አልገባኝም» አለች በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን።

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ነበር። ልጄ ጉልበቴን ነካችኝ።

«አባዬ፣ ንገራት እንጂ።»

«ዝም በይ» አልኳት፣ በስዋሂሊ።

ፖሊሱ ለሴትዮዋ በእጁ በሩን አመለከታት። ያኔ ልጄ ተነሳች። «እህቴ፣ መታወቂያ አሳዪኝ ነው የሚልሽ።»

ሴትዮዋ ሻንጣዋን ከፍታ ከልብሶቿ ሥር ወረቀቷን አወጣች። ምንም አልጎደለውም። የጎደላት የሚነግራት ሰው ብቻ ነበር።

ፖሊሱ ወደ ልጄ ዞረ። «አንቺስ ከማን ጋር ነሽ?»

«ከአባቴ ጋር።»

 ወረቀቴን ሰጠሁት፤ መሃሉ መቀደዱን አይቶ ይመስለኛል ውረድ አለኝ። «ሽማግሌው፣ ፈጠን በል፣ ሰው ያረጃል እዚህ» አለ የማታቱ ረዳት፤ ተሳፋሪው ሳቀ። ልጄ ተከትላኝ ወረደች። ሴትዮዋም ሻንጣዋን ይዛ ወረደች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ማታቱው ሄደ።

ፖሊሱ የወረቀቱን ቁጥር በስልክ ያነብባል። እኔ የመንገዱን ዳር ብረት ይዤ ቆሜያለሁ። የእስር ቤት ወለል አሰብኩ። ልጄን ለጥቂት ደቂቃ ጠላኋት፤ ይህንንም ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም።

በመጨረሻ «ቶሎ አሳድሰው» ብሎ መለሰልኝ።

ሴትዮዋ ፊቴን እያየች «ጋሼ፣ ቅድም ከኋላዬ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ?» አለችኝ።

ልጄ ወደ መንገዱ ዞረች። ፖሊሱ ገና አልራቀም።

«ነበርኩ» አልኳት በአማርኛ። «ሰምቼሻለሁ።»