ከሁለት ጣት በላይ

ትንሽ ሳለሁ አውራ ጣቴን አጥፌ ክንዴ ላይ ሳስተኛው የሰፈራችን የጊንጆ ልጆች ይከቡኝ ነበር። «ድገሚው» ይሉኛል፤ እደግመዋለሁ። ክርኔም ጉልበቴም ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። መገጣጠሚያዬ ሁሉ የላላ መሆኑን፣ መንጋጋዬም እንዳልቀረለት ያወቅሁት ግን ዘንድሮ ነው። ክፍል ውስጥ ሳዛጋ አፌ ተከፍቶ ቀረ። በእጄ ገፋ ሳደርገው ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ በበላሁ ቁጥር ቋ ይላል።

እናቴ፣ መንደራ ቆጪ የሚባል ሰፈር ያሉ አንድ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ። ሽማግሌው ጣታቸውን ቅቤ ነክረው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ደርቋል፤ መፍታታት አለበት» እያሉ ሦስት ቀን ሳቡት። ጭራሽ ሽሮ ስበላም ይወልቅ ጀመር።

ሆስፒታል ያገኘኋት ፊዚዮቴራፒስት ይህን ስትሰማ ግንባሯን ያዘች። «የላላውን ነገር ነው ያላሉት። አንቺ የሚያስፈልግሽ ጡንቻውን ማጠንከር ነው።» ምላሴን ከላይኛው ጥርሴ ጀርባ ላንቃዬ ላይ አስደግፌ፣ መስታወት ፊት ቀስ ብዬ መክፈት፣ ቀስ ብዬ መዝጋት። ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም። ሳዛጋ ጡጫዬን አገጬ ሥር። ስድስት ሳምንት ሳይወልቅ ከቆየ ግን ሰው ፊት ማንበብ እችላለሁ።

የፈለግሁትም እሱን ነበር። የአማርኛ መምህራችን ስለ ሰፈራችን ባጃጆች የጻፍኩትን ከክፍሉ ሁሉ መርጠው፣ በወላጆች ቀን እንዳነበው ወስነዋል። እኔ፣ እጅ ማውጣት የምፈራው ልጅ።

አምስት ሳምንት እንጀራዬን እንደ ሕፃን ቆራርጬ በላሁ። ከዚያ ፋሲካ መጣና አጋሮ አክስቴ ቤት ሄድን። አክስቴ ዶሮውን ከነእንቁላሉ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ።

«እትዬ፣ ትንሽ ያድርጉልኝ፤ መንጋጋዬን...»

«እንደ ጫጩት ልትለቅሚ ነው? ክፈቺ።»

ቤት ሙሉ እንግዳ እያየ የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም። ከፈትኩ። ቋ አለ፤ አፌም አልዘጋ አለ። እንቁላሉን መዳፌ ላይ ተፋሁት።

አክስቴ ግን ወደ ሞሰቡ ዞረው ነበርና ቀና ሲሉ የተከፈተ አፍ አዩ። ፊታቸው በራ። «ጎሽ፣ አሁን ሰው ሆንሽ» ብለው ሁለተኛውን ከፊተኛው አስበልጠው ጠቀለሉ። እናቴ እጃቸውን ባትይዝ ኖሮ ያጎርሱኝ ነበር። መንጋጋዬን እንደ በፊቱ በእጄ ገፍቼ መለስኩት።

«በቃ፣ ከአንደኛው ሳምንት እንጀምራለን» አለችኝ ፊዚዮቴራፒስቷ። የወላጆች ቀን ስምንት ቀን ቀርቶታል። ማን ላይ እንደምናደድ አጣሁ። አክስቴ ወደውኝ ነው ያጎረሱኝ። ሽማግሌውም ሊያድኑኝ ነው የሳቡኝ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ምላሴን ላንቃዬ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ እንዲያ ሆኖ ማልቀስ እንኳ አይመችም።

በማግስቱ እንዳነብ ፍቀጂልኝ ብዬ ፊዚዮቴራፒስቷን ለመንኳት። አሰበችና፣ «ከአንድ መስመር በላይ ሳታርፊ እንዳታነቢ። አጭር ከሆነ ይሁን» አለች።

የእኔ ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ ግማሽ ገጽ ይሄዳሉ። እስክሪብቶ ይዤ ቆራረጥኳቸው። አንዷን በጣም የምወዳትን አራት ቦታ ቆረጥኳት፤ ያኔም በጣም ተናደድኩ። ከዚያ ሳነባት የባጃጁ ሞተር ከድሮው ይበልጥ ተሰማኝ።

በዕለቱ ጡጫዬን አገጬ ሥር አድርጌ፣ በየመስመሩ እያረፍኩ አነበብኩ። ከኋላ አንዱ፣ «ጥርሷን ነው የሚያማት?» አለ። ቀጠልኩ። አንዴም አልወለቀም።

ስወርድ መምህራችን ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። «ማሳጠር ማን አስተማረሽ?»

«አክስቴ» አልኳቸው።