ለሊሴ የጨረሰችው ታሪክ

ልጅ ሳለሁ፣ አዳማ ውስጥ እኛ ሰፈር አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ የልጆቹ ደስታ ለጉድ ነበር። ጎረቤታችን አባባ ሁሴን ደጃፋቸው ላይ ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ ይጠብሱልናል። ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ስለነበሩ፣ ያላዩት አገር፣ ያልሰሙት ታሪክ ያለ አይመስለንም ነበር። ያኔ ፋኖሱ በሩ ላይ ተሰቅሎ፣ በቆሎው ፍሙ ላይ ጠሽ ጠሽ እያለ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ እየተጋፋን ወደ እሳቸው እንጠጋ ነበር።

የማትመጣው ለሊሴ ብቻ ነበረች። አባቷ ቆቃ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዳል፤ እናቷ ደግሞ እኛ ከተማ ገበያ ላይ ትሸጣለች። ለሊሴ ከእናቷ ጋር ሰፈራችን ገብታ እኛ ክፍል በተመደበች በሳምንቱ «ዓሣዋ» የሚል ስም አወጣሁላት፤ ክፍሉ በሙሉ አፍንጫውን ይዞ ሳቀ። እውነቱን ልናገር፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት የሚሳቀው በእኔ ነበር። የፊት ጥርሶቼ ወጣ ወጣ ስላሉ «ጥርሶ» ይሉኝ ነበር። ለሊሴ ስትመጣ እኔን ተዉኝ። ተመልሰው እንዳይመጡብኝ ብዬ በየቀኑ ከሁሉም በላይ እጮህባት ጀመር። በመጨረሻ ትምህርት ቤት መምጣቱን ተወችው።

በዚያው ሳምንት መብራት ጠፋና ተሰበሰብን። አባባ ሁሴን እንዲህ ብለው ጀመሩ፦ «አንድ ዓሣ አጥማጅ ልጁን በጀልባ ይዞ ቆቃ ላይ ወጣ። መሃል ሲደርሱ ከሥራቸው ውሃው አበጠ። ጉማሬ ነው። አንዴ ጀልባዋን ሲገፋት አባትየው ውሃ ውስጥ ገባ፤ ልጅቷ ብቻዋን ቀረች።»

ይህን ብለው በቆሎ ማገላበጥ ያዙ።

«ከዚያስ አባባ?» አልን ሁላችንም።

«ከዚያ በኋላ ያለውን ልጅቷ ናት የምታውቀው። እዚሁ ሰፈር ናት፤ ለሊሴ ትባላለች። ሄዳችሁ ጥሯት።»

መስማት እንፈልጋለን፤ በሯን የሚያንኳኳ ድፍረት ግን ማንም አልነበረውም። እኔ ተነሳሁ። ሄጄ አንኳኳሁ፤ ለሊሴ ከፈተችና ስታየኝ መልሳ ልትዘጋው ነበር።

«አባባ ሁሴን የጉማሬውን ታሪክ ጨርሺልን ብለው ነው» አልኳት። ቀጥሎም ሳላስበው «ያንን ስም ያወጣሁብሽ እኔ ነኝ። ይቅርታ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች። ትንሽ ቆማ አየችኝና ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

እሳቱ ዳር ተቀምጣ ስትጀምር ድምጿ አይሰማም ነበር። «ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ የምንደፋበት ጣሳ ነበር፤ በመቅዘፊያው መታሁት» አለች። «መታሁት፣ ጮህኩ፣ ደግሜ መታሁት!» እጇ አየሩን ሲመታ እኛ ይበልጥ ተጠጋናት። ጉማሬው ድምፁን ሰምቶ ዞሮ ራቀ፤ አባቷም የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ወጣ። ሁላችንም ብድግ ብለን አጨበጨብን።

«አላለቀስሽም?» አላት አንዱ።

«ያን ቀን አላለቀስኩም። ያለቀስኩት እናንተ አፍንጫችሁን ስትይዙ ነው።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። አባባ ሁሴን ትልቁን በቆሎ አንስተው ሰጧትና «ገለቶሚ ልጄ» ብለው በቋንቋዋ አመሰገኗት።

በማግስቱ እኔና ለሊሴ አብረን ትምህርት ቤት ሄድን። በር ላይ አንድ ልጅ ገና ሲያየን አፍንጫውን ያዘ። «ስሟ ለሊሴ ነው» አልኩት። «ደሞ ጥርሶ ጠበቃ ሆነችላት» ብሎ ሳቀ፤ የሳቀው ግን ብቻውን ነበር። በቆሎ አብረውን የበሉት ልጆች አንድ በአንድ መጥተው አጠገባችን ቆሙ። ተያይዘን ሄደን ለአስተማሪያችን ሁሉንም ነገርናት፤ እኔም የእኔን ድርሻ አልደበቅኩም። በዕረፍት ሰዓት የጉማሬውን ታሪክ ያልሰማ ሁሉ ለሊሴን ከበባት።

ዛሬ ቢሾፍቱ አስተማሪ ነኝ። አባባ ሁሴን ያን ምሽት አንዳችንንም አልተቆጡም። ተቆጥተውኝ ቢሆን አቀርቅሬ ሰምቼ በማግስቱ እደግመው ነበር ብዬ አስባለሁ። ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ በሌላው ላይ ሲስቅ ስሰማ መጀመሪያ ወደተሳቀበት እሄዳለሁ። ቀጥዬ የሳቀውን ለብቻው አስቀምጬ «አንተንስ ምን ይሉህ ነበር?» እለዋለሁ። ብዙውን ጊዜ መሬት መሬቱን ያያል። አልቸኩልም፤ እጠብቀዋለሁ፤ ከዚያ መናገር ይጀምራል።