አዲሱ ሲስተምና የዓርቡ ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ራሱን አድሶ አደረ። ጠዋት እህቴ ጋ ልደውል ብዬ ባነሳው የለመድኩት ነገር ሁሉ ከቦታው የለም፤ ቀለሙ ተለውጧል፣ ምልክቶቹ ተዘዋውረዋል፣ ከላይ ደግሞ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ተጽፏል። በምኑ ነው ደስ የሚለኝ? ልጄ መጥታ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገችና መለሰችልኝ። «እማዬ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የተንጨረጨርሽው?» አለችኝ። ለዚህ አልነበረም። ንዴቴ የቆየ ምክንያት አለው፤ ለቤተሰቤ ግን ነግሬ አላውቅም።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ መሐል ሜዳ ከተማ በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። «አቅም ግንባታ» የሚለው ቃል ከስብሰባ ስብሰባ የሚዞርበት ዘመን ነው። ቢሯችን አንድ ኮምፒዩተር ነበረው፤ የምነካውም እኔ ብቻ ነበርኩ። የኮምፒዩተር ሥልጠና ወረቀቴን በፍሬም አድርጌ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ኮምፒዩተሩን ራሴ በሠራሁት ዳንቴል ሸፍኜው አድርና ጠዋት ጠዋት እንደ ሙሽራ እገልጠው ነበር። ኩራቴ እራቴ የሆነበት ዕድሜ ነው። ከእኔ ክፍል በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ አይወጣም የሚለውን ደንብ ያወጣሁትም እኔው ነኝ፤ ያዘዘኝ አልነበረም።

ኅዳር ላይ ከደብረ ብርሃን አንድ ባለሙያ መጣና አሮጌውን ሲስተም አጥፍቶ አዲስ ጫነ። «ዘመናዊው ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ብሎኝ በማግስቱ ተሳፍሮ ሄደ። እውነትም ማየቱ ደስ ይላል። ግን «ፋይል» የሚለው ቃል ከነበረበት ጠፍቷል፤ ማተሚያው የት እንደገባ አይታወቅም፤ ደቂቃ ሳይቆይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሳጥን ብቅ እያለ «እርግጠኛ ነሽ?» ዓይነት ነገር ይጠይቀኛል። እርግጠኛ የሆንኩበት ነገርማ አልነበረም። ከሁሉ የከፋው አማርኛው ነበር። የጻፍኩት ፊደል ሁሉ ባዶ ሳጥን እየሆነ ይደረደራል።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ፣ አቶ ሽፈራው የሚባሉ ገበሬ ገቡ። ውርጩ ገና ከለበሱት የበግ ጠጉር ባና ያልለቀቀ ይመስል ብርድ ብርድ፣ በግ በግ ይሸታሉ። ባለቤታቸው ሆዷን ታማ ጤና ጣቢያው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ትሂድ ብሏል። በነፃ ለመታከም ከእኛ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሴትዮዋን ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አስተኝተዋታል፤ አውቶቡሱ ቅዳሜ ማለዳ ይነሳል። ደብዳቤው ላይ የሚፈርሙት ኃላፊያችን ደግሞ በአሥር ሰዓት ለስብሰባ ከከተማ ይወጣሉ፤ የሚመለሱት ሰኞ ነው።

ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ሳጥን። አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። ሳጥን። አቶ ሽፈራው ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘገን አደረጉልኝ።

«ቅመሽ ልጄ፣ መሣሪያው እስቲነሳልሽ።»

ቁልፎቹ መሃል እንዳይገባብኝ ብዬ ቆሎውን በወረቀት ገፋ አደረግሁት። አላመሰገንኳቸውም።

የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ደምሴ ከወዲያ ጠረጴዛ ያዩኛል። በልጅነታቸው ቁም ጽሕፈት የተማሩ፣ እጃቸው ላይ ፊደል የሚያምርላቸው ሰው ነበሩ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ብዕራቸውን ይዘው ተነሱ።

«ልጄ፣ ወዲህ በይው፤ እኔ በእጄ ልጻፍላቸው። ፊርማና ማህተም ካረፈበት ደብዳቤ ነው።»

በወረቀት ተሸንፌ ልታይ ነው። የተሰቀለው ፍሬሜ ከጀርባዬ ነበር።

«ጋሼ፣ በእጅ የተጻፈ ሆስፒታሉ አይቀበልም» አልኩ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ጋሼ ደምሴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰውየውን አዩና ተመልሰው ተቀመጡ። ኮምፒዩተር አዋቂዋ እኔ ነበርኩ፣ አመኑኝ። አሥር ሰዓት ላይ ኃላፊው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ እኔ አሁንም ሳጥን እየደረደርኩ ነበር።

«ሰኞ ይምጡ አባባ፤ ሲስተሙ እምቢ ብሎ ነው» አልኳቸው።

«እግዜር ያሳየው። አንቺማ ደከምሽ» ብለው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ባለሙያው በስልክ እየመራኝ ፊደሉን የሚጭነውን ነገር አገኘሁት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ደብዳቤው አምሮ ወጣ፣ ተፈረመ። ማክሰኞ ተሳፈሩ።

ከወር በላይ ቆይተው ነው ያየኋቸው። ጋቢያቸው ጥለቱ ወደ አንገት ዞሯል፤ ሐዘን መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የመጡት ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የሟቿን ስም ለማስነሳት ነበር። ባለቤታቸው ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን አርፋለች። «ሐኪሙ ‹በሰንበት እንኳ ብትደርስልን› አለኝ» አሉ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ጋሼ ደምሴ ከመዝገባቸው ቀና አላሉም።

አቶ ሽፈራው ወደ ኮምፒዩተሩ ዞሩ።

«ለመሆኑ መሣሪያው ዳነ ወይ፣ ልጄ?»

«ድኗል፣ አባባ።»

«ተመስገን። አንቺን ያን ለት ብዙ አደከመሽ።»

ማልቀሴን ሲያዩ የሚያጽናኑኝ እሳቸው ሆኑ። «ቀኗ ነው እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ፤ ያ ብረት ነው ያስቸገረሽ» አሉኝ። ያኔ «አይደለም አባባ፣ በእጅ ተጽፎ ሊደርስልዎ ይችል ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኩት» ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። የብረቱ ጥፋት ነው ብዬ አብሬያቸው ተስማማሁ። የስም ማስነሻውን ደብዳቤ በሰዓቱ አተምኩላቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ።

ብትቀድም ኖሮ ትድን ነበር ወይ? አላውቅም፤ ሐኪሙም ምናልባት አያውቅም። ይህን እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ብዙ ዓመት ሞክሬያለሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ መሐል ሜዳ ሄጄ አቶ ሽፈራውን አጠያይቄ ነበር። አርፈዋል። የሰፈራቸው ሰው «የዚያን ቢሮ ልጅ ስም እያነሳ ይመርቅ ነበር» አለኝ። ይቅር ሊሉኝ የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ፤ ይቅር የሚሉት ነገር እንዳለ ሳያውቁ፣ እየመረቁኝ ሞቱ።