ውፍረት የሌለው ግድግዳ

ልብስ ሰፊውን በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሰፈርተኛው ሁሉ «አያ ሜትር» ነው የሚለው። የመለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። ሲተኛ አብሮት ይተኛል፤ ሰርግ ሲጠራ እንደ ከረባት አስሮት ይሄዳል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ዐይኑ የለቀስተኛውን ትከሻ ይለካል፤ ሟቹ ቀና ቢሉ እጅጌያቸውን ሊያሳጥርላቸው የሚነሣ ሰው ነው። ጭንቀታምነቱ ደግሞ አይወራ። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» የተባለውን እሱ አሥሩን መቶ አድርጎታል። ባለቤቱ እንደምትለው ከሆነ፣ ሰፍቶ ካስረከበ በኋላም ደንበኛውን መንገድ ላይ አስቁሞ ይለካል።

እንግዲህ ቤት ሊሠራ የተነሣው ይህ ሰው ነው። ቤት እንኳ አይባልም፤ ከሱቁ ጎን ባለችው ግቢ ላይ የምትቀጠል አንዲት ክፍል ናት፣ ለእናቱ።

እናቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በቅርቡ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ጎረቤት ድምፃቸውን እስኪሰማ ወለል ላይ ተዘርግተው ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር አያ ሜትር መርፌውን ጣቱ ላይ ይሰካል። «ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ» እያለ ሲለምናቸው ከረመ። «እኔ በቤቴ ንግሥት ነኝ፤ ሰው ቤት ገብቼ ምን ልሆን ነው?» ይሉታል። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ «እሺ፤ ግን ያለ አልጋዬ ንቅንቅ አልልም» አሉ።

አልጋው እንደዋዛ የሚታይ አልጋ አይደለም። አናጺ የነበሩት ነፍሳቸውን ይማርና አባቱ ለሰርጋቸው የሠሩት ነው፤ ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው ቢተኙበት ለአማትም ቦታ ይተርፋል። አያ ሜትር ሄዶ ርዝመቱን ለካ፣ ወርዱን ለካ፣ «ብሳሳትስ?» ብሎ ከመንገድ ተመልሶ እንደገና ለካ።

ከዚያ ክፍሉን ነደፈው። ወረቀት ላይ እንዳይመስላችሁ! በልብስ ጠመኔው፣ የግቢው ሲሚንቶ ላይ፣ በልኩ። ግድግዳው አንድ ቀጭን ነጭ መስመር፣ በሩ ክፍተት፣ አልጋው መሀል ላይ። ለስፌት የሚተወውን ሁለት ጣት እንኳ አልረሳም፤ ዙሪያውን በነጠብጣብ አስቀመጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጠመኔው በር ካልሆነ በቀር ማለፍ ክልክል ሆነ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልብስ ላሰጣ ነው!» አለች ባለቤቱ፣ እርጥብ ልብስ ታቅፋ።

«በበሩ ግቢ፤ ግድግዳ ረግጠሻል።»

«ውይ ይቅርታ! ላንኳኳ እንዴ?»

«ሳቂ፣ ሳቂ። እማዬ እሑድ መጥታ ቦታው ካልጣማት አበቃ። ሁለተኛ እሺ አትልም።»

ዓርብ ዕለት ግንበኛው መጣ። መስመሩን ዞረው፣ ደግሞ ዞረውና ራሱን አከከ።

«ጋሼ፣ ግድግዳው የታለ?»

«ይኸውልህ፣ መስመሩ።»

«መስመሩንማ አየሁት። ውፍረቱን ነው የምልዎት። ብሎኬቱን ምን ላይ ልደርድረው?»

አያ ሜትር ጠመኔውን አየ፣ ግንበኛውን አየ። ዕድሜ ልኩን የለካው ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ርዝመትና ወርድ እንጂ ውፍረት አለው ብሎ ማን ነገረው?

«ብዙ ይወፍራል እንዴ?»

«ብሎኬቱ ብቻ አንድ ስንዝር። በዚህም በዚያም ሲሆን፣ ልስኑም ሲጨመርበት ያስቡት። ግድግዳ ቦታ ይበላል ጋሼ፤ ኮት አይደለም።»

እንዲገባው ብሎ ጥቂት ብሎኬት ከመስመሩ ወደ ውስጥ ደረደረለት። የተሳለው አልጋ እንደምንም ገባ። እናቱ ግን አልገቡም፤ ከአልጋ ወርደው የሚቆሙበት ቦታ ጠፋ።

«በመስኮት ዘለው ይተኛሉ» አለ ግንበኛው፣ ማጽናናቱ ነው።

አያ ሜትር አፈጠጠበት። መውደቃቸውን ፈርቶ ለሚያመጣቸው እናት ዝላይ!

ያን ቀንም ማግስቱንም እህል በአፉ አልዞረም። ወደ ኋላ እንዳይገፋ የጎረቤት አጥር ነው። ወደ ፊት እንዳይገፋ የማድ ቤቱ በር ነው፤ እዚያ ባለቤቱ ጭልፋ ይዛ ቆማ፣ «እኔ በቁሜ እያለሁማ አይሆንም!» ትላለች። የቀረው የሱቁን ግድግዳ ማፍረስ ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ላይ ተንበርክኮ የድሮውን መስመር በእርጥብ ጨርቅ አበሰና አዲሱን ሱቁ ድረስ ሳበው፤ በሱቁ ወለል ላይም አሳለፈው። የመቁረጫ ጠረጴዛውን፣ ሃያ ዓመት እንጀራውን የበላበትን፣ ከቦታው አንሥቶ ጥግ ላይ አቆመው። ልክ እንደተቀጣ ተማሪ።

እሑድ እናቱ መጡ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ አያ ሜትር አንድ ዐይኑ እናቱ ላይ፣ አንድ ዐይኑ ደመናው ላይ ነው። ጠመኔው ከታጠበ ክፍሉም ታጠበ።

እናቱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጉበን ያለ ይመስል ጎንበስ ብለው በጠመኔው በር ገቡ። የተሳለውን አልጋ ቆመው አዩት። ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ምነው እማዬ?»

«ልጄ፣ አልጋውን በየት በኩል ልታወጣው ነው?»

«በበሩ ነዋ!»

«በየትኛው በር? አባትህ እዚያው መኝታ ቤት ውስጥ ነው የሠራው። ሲጨርስ ከበሩ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በመጋዝ ካልሆነ አይፈታም፤ እኔ ደግሞ መጋዝ አላስነካውም። አንተም ያው የአባትህ ልጅ ነህ፤ አልጋውን ለካህ፣ በሩን ረሳህ።»

አያ ሜትር ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«ታዲያ እያወቅሽ ነው ያለ አልጋዬ ያልሽኝ?»

«እምቢ ስልህ ታለቅሳለህ። እሺ ካልኩ ደግሞ መምጣት ሊሆን ነው። ምን ላድርግ? አልጋውን ሰበብ አድርጌ ላክሁብህ።»

እናቱ መልሳቸው ያሳፈራቸው ይመስል አቀርቅረው መስመሩን ተከተሉ፤ መስመሩ ሱቅ ውስጥ አገባቸው።

«ይኼ ጠረጴዛ ምነው ተገተረ?»

«ለአልጋው ቦታ… ግድግዳው በላብኝ።»

«የት ልትቆርጥ ነው ታዲያ?»

«ጉልበቴ ላይ።»

«ጉልበትህ ላይ!» አሉ። ከዚያ በጫማቸው አፍንጫ የሱቁን መስመር አሹት፤ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ አጠፉት። ለአያ ሜትር አበቃለት፤ አይመጡም ማለት ነው።

ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ነጎድጓድ ጮኸ። የመጀመሪያው ጠብታ የጠመኔው አልጋ ራስጌ ላይ አረፈ። አያ ሜትር አንድ ጥቅል ገበር ከመደርደሪያ መንጭቆ ወጣና መስመሮቹን እንደ ሕፃን መሸፈን ጀመረ።

እናቱ ተከትለውት ወጡ። ዝናቡ ውስጥ፣ በጠመኔው በር አድርገው፣ ገብተው መሀል ላይ ቆሙ።

«ኧረ እማማ ይግቡ፣ ይታመማሉ!» አለች ባለቤቱ ከማድ ቤቱ በር።

እናቱ መዳፋቸውን ዘርግተው ሰማዩን ገረመሙት።

«ለዚያ ግንበኛ ንገሩልኝ፤ ክፍሌ ያፈሳል።»

አያ ሜትር ገበሩን እንደታቀፈ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«ክፍሌ ያፈሳል አልኩህ! ጠረጴዛህንም ወደ ቦታው መልስ፤ ለእኔ ትንሽ አልጋ መች አነሰኝ?»

ዝናቡ ግድግዳውን፣ በሩን፣ ያን የሚያህል አልጋ ሳይቀር ጠራርጎ ወሰደው። አያ ሜትር ግን ገበሩን ጥሎ ከአንገቱ ሜትሩን እያወረደ ነበር፤ ሌላ ጭንቀት ይዞታል።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ እስቲ እማዬ» አለ፣ ውኃ በአፍንጫው እየወረደ። «እስከዛሬ አንቺን አልለካሁም።»