ወይም ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ

ይህን ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ። ለሚስቴ ተንፍሼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ ስዘረዝር ይህችን አንዷን እየዘለልኩ ነው የቆየሁት። እሳቸው "ሌላስ የቀረ አለ ልጄ?" ይሉኛል። "የለም አባቴ" እላለሁ። ነበረ። እናንተ ይህን የምታነቡ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ግን ዛሬ ፊታችሁ ቆሜያለሁ። እንድታጽናኑኝ ግን አልመጣሁም።

ያደረግኩትን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ መሸሻ እንዳላገኝ። አራት ቃላት ከአንድ ወረቀት ላይ ሰርዤ የአንዲት ሴት እንጀራ ዘጋሁ። ሴትየዋ ጓደኛዬ ነበረች።

ዝም እንዳልኩ እቀር ነበር። ባለፈው ወር ግን አያት አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለወጣቶች ልምድህን አካፍል ተብዬ ተጋበዝኩ። አሁን የመሥሪያ ቤታችን የአይቲ ኃላፊ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ይጠሩኛል። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሳችና "ቴክኖሎጂ ላይ ለመሥራት ዲግሪ ግድ ነው ወይ? እኔ ኮሌጅ አልገባሁም" አለች። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "ዲግሪ ወረቀት ነው እህቴ፣ ዋናው ችሎታ ነው!" አልኳት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልጅቷ እንባዋ መጣ። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት! በዓለም ላይ ይህን ለመናገር የመጨረሻው ሰው መሆን የነበረብኝ እኔ! ውኃ ጠጣሁና ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቅሁ።

ያደግኩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሽቅብ በሚወጣው ኮረኮንች ላይ ነው። አባቴ ከጋሞ የመጣ ሸማኔ ነው፤ እግሩን ከሽመናው ጉድጓድ ከትቶ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ነው የማውቀው። የተመረቅኩ ዕለት ጋዋን ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ልክ ከሽመና ዕቃው በላይ ሰቀለው። ሰው በመጣ ቁጥር ወደ ፎቶው እያመለከተ "እኔ ከዚህ ጉድጓድ ያልወጣሁት እሱ እንዲወጣ ብዬ ነው" ይላል። እንግዲህ ያ ዲግሪ የእኔ ብቻ አልነበረም፣ የአባቴ ወገብ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለማመካኘት ነው? ሳይሆን አይቀርም። ሰበብ ፍለጋ ላይ ጎበዝ ነኝ፤ ተጠንቀቁኝ።

ወይንሸት መገናኛ አካባቢ ወዳለው መሥሪያ ቤታችን የገባችው መረጃ ኮምፒውተር ላይ ለመመዝገብ ነበር። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች አባቷ ሞቱባትና ኮሌጅ ሳትገባ ቀረች። እናቷን እትዬ አስካለን ለማኖር የሞባይል ጥገና ሱቅ ተቀጠረች፤ ፕሮግራም መጻፍን እዚያው ቁጭ ብላ ከኢንተርኔት ራሷን አስተማረች። ችሎታዋን አይቼ "ወደ እኔ ክፍል ትዛወርልኝ" ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ። እኔው አሳየኋት፣ እኔው አመሰገንኳት። ጎበዝ ነበረች፣ ሳቂታ ነበረች፣ ምሳዋን ሳታካፍል የማትበላ ነበረች። እወዳት ነበር። ከእኔ በታች እስከሆነች ድረስ እወዳት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሲስተሙ ቀጥ አለ። ታች ያሉት ሠራተኞች ለደንበኛ ሁሉ "ሲስተም የለም" እያሉ ነው፣ ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ መስፍን እጃቸውን ኋላ አጣምረው ከጀርባዬ ቆመዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ላብ በላብ ሆንኩ። ምንም። በመጨረሻ ወይንሸት ቀስ ብላ "ብሩክ፣ አንዴ ልየው?" አለችኝ። ተነሳሁላት። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። የሰርቨሩ ማከማቻ ሞልቶ ነው፤ የሞላው ደግሞ እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ሳይጠረግ ባጠራቀመው ግሳንግስ ነው። ስክሪኑ ላይ ስሜ ተጽፎ ነበር። አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ ከዚያ ወደ አቶ መስፍን ዞራ "አብረን ነው ያገኘነው ጋሼ" አለች። ገመናዬን ሸፈነችልኝ። እሳቸው ግን ሞኝ አይደሉም፤ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው "የቡድን መሪ ፍለጋ ስንዞር ለካ እዚሁ ነበረች!" አሉና ሳቁ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። 

እሷ ልትመራኝ ነው? አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተንከራተትኩት፣ አባቴ ጉድጓድ ውስጥ ያረጀው፣ ለዚህ ነው? ያለ ወረቀት እዚህ ከተደረሰ ያ ፎቶ ግድግዳው ላይ ምን ይሠራል? ይህን ለማንም አላልኩም። ወደ ውስጥ ነው ያልኩት፣ ሌት ተቀን።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቱ መዋቅር እያስጠና ነበር። በመዋቅር ጥናት ያለፈ ያውቀዋል፤ ለየሥራ መደቡ ተፈላጊ ችሎታ እንደገና ይጻፋል፣ ሠራተኛው እንደ አዲስ ይመደባል፣ መስፈርቱን ያላሟላ "ተንሳፋፊ" ይባላል። ሰው እንዴት ተንሳፋፊ ይባላል? እኛ ጋ ይባላል። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ አልማዝ የእኛን ክፍል ረቂቅ "እንደ ባለሙያ አስተያየት ስጥበት" ብለው ላኩልኝ። ወይንሸት የምትሠራበት መደብ ላይ እንዲህ ይላል፦ የመጀመሪያ ዲግሪ በኮምፒውተር ሳይንስ፣ ወይም ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ።

የምሳ ሰዓት ነበር፣ ክፍሉ ባዶ ነው። ወይንሸት ስትወጣ ከምሳ ዕቃዋ ግማሹን ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኝ ነበር፤ "ክዳኑን አትክፈተው፣ ይቀዘቅዛል" ብላ። እኔ ረቂቁን ከፈትኩ። "ወይም ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ" የሚለውን አጠቆርኩና አጠፋሁት። ጠፋ። ምክንያት የሚለው ሳጥን ውስጥ "የሙያውን ጥራት ለመጠበቅ" ብዬ ጻፍኩ። የሙያውን ጥራት! ያን ሙያ ማክሰኞ ዕለት ከውርደት ያወጣው ማን ሆነና? ላክሁት። ከዚያ ክዳኑን ከፍቼ ፍርፍሯን በላሁ። አጠገቤ የገፋፋኝ፣ ያስገደደኝ ሰው አልነበረም። እኔ ነኝ የሰረዝኩት፤ በልቼም ጠገብኩ።

ምደባው ሰኞ ሊለጠፍ ቅዳሜ ኪዳነ ምሕረት ነበረች። ወይንሸት "እንጦጦ ልሳለም ነው፣ አብረኸኝ ትወጣለህ?" አለችኝ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? በባሕር ዛፉ መሐል ስንወጣ መንገዱን ሙሉ ስለ ምደባው አወራችልኝ። ከተመደበች እናቷን ካሉበት እርጥበታም ቤት እንደምታወጣ፣ ካልተመደበች ደግሞ ምን እንደሚውጣት እንደማታውቅ። "ግን አንተ እያለህልኝ ምን አስፈራኝ?" አለችና ሳቀች። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር ስትደርስ ጧፍ ለኮሰች። "ልስገድበት፣ ያዝልኝ" ብላ ሰጠችኝ። ግንባሯን መሬት አስነክታ ስትለምን ሰማኋት፦ "እመቤቴ፣ ሥራዬን አቆዪልኝ እንጂ ጥላ ይዤልሽ እመጣለሁ።"

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ዝርዝሩ እስከ ሰኞ አይፈረምም። ለወይዘሮ አልማዝ ደውዬ "ተሳስቻለሁ፣ ያቺን ሐረግ ይመልሷት" ማለት የደቂቃ ሥራ ነው። እጄ ወደ ኪሴ ሄዷል፣ እምላለሁ፣ ሄዷል። ስልኩን ጨበጥኩት። ሰሙ ቀልጦ በሌላኛው እጄ ጣት ላይ ፈሰሰ፣ አቃጠለኝ። ወይንሸት ተነስታ ጉልበቷን እያራገፈች "ጨረስኩ፣ እንሂድ" አለች። ስልኩን ለቀቅኩትና ጧፏን መለስኩላት።

ሰኞ ሰሌዳው ፊት ቆማ በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደች። እንደገና ከላይ ጀመረች። "ስሜን ዘለሉት መሰለኝ" አለች። አልዘለሉትም። ተንሳፋፊዎች ከሚለው ሥር ነበረ። ፊቷ አመድ መስሎ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ብትነግራቸው ይሰሙሃል። በእናትህ ብሩክ።" ሄድኩላት። አቶ መስፍን ቢሮ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ስለ ፕሪንተር ቀለም አወራኋቸው። አሥር ደቂቃ ቆይቼ ፊቴን አጥቁሬ ወጣሁና "ለመንኳቸው፣ መስፈርት መስፈርት ነው አሉ" አልኳት። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድም ማለት እንዳንተ ነው" አለችኝ። ሰርዤ አልበቃኝም፣ ምስጋናውንም ወሰድኩ።

መዝገብ ቤት መደቧት። ምድር ቤት ነው፤ ፋይል መደርደር ነው። እኔ የቡድን መሪ ሆንኩ። ሲስተሙ በተበላሸ ቁጥር ግን ማንም ሳያየኝ ደረጃውን እወርድ ነበር። አቧራ የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትወጣለች፣ ታስተካክላለች፣ ተመልሳ ትወርዳለች። በየወሩ ሪፖርት ላይ ግን የእኔ ስም ነው። ምን ዓይነት ሰው ይህን ያደርጋል? እኔ። ስምንት ወር ሙሉ አደረግኩት። ከዚያ ለቃ ወደ ሞባይል ጥገናዋ ተመለሰች፤ የማታ ኮሌጅም ተመዘገበች። "ለካ ወረቀቱ ግድ ነው፣ አንተ ሁሌም ትምህርት ጥሩ ነው ትለኝ ነበር" አለችኝ። አስተማሪው ሲያቅተው "እስቲ ወይንሸት ታስረዳን" ይል ነበር አሉ። የምታውቀውን ልትማር ዕድሜዋን ከፈለች።

ዘንድሮ ተመረቀች። አያት ኮንዶሚኒየም፣ ከእናቷ ጋር በተከራየችው ቤት ድግስ ነበር። ጠራችኝ። ሄድኩ! ጋዋኗን ለብሳ በግራዋ እናቷን፣ በቀኟ እኔን አቁማ ፎቶ ተነሳች። ያ ፎቶ ሳሎናቸው ተሰቅሏል። በሳምንቱ ደግሞ ባለ ወርቅማ ዘርፍ ቀይ ጥላ ገዝታ እንጦጦ ይዛኝ ወጣች። "ሥራዬን ባታቆይልኝም ዲግሪውን ሰጠችኝ፤ ስለት ስለት ነው" አለች። እኔ የነጠቅኳትን እመቤታችን እንደ ሰጠቻት ቆጥራ አመሰገነች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አሜን አልኩ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው አያት አዳራሽ ያቺ ልጅ ያን ጥያቄ የጠየቀችው። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ የሥራ መደቡን ሰነድ አወጣሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ በተውኩት መልኩ ተቀምጧል። በዚያ በር ስንት ሰው ተመልሶ ይሆን? ሐረጓን ለማስመለስ ቅጽ ይሞላል፣ ቅጹ ደግሞ ምክንያት ይጠይቃል። ወይዘሮ አልማዝ "ለአሠራር አመቺነት በልና ፈርም፣ ምን ያስጨንቅሃል?" አሉኝ። እሱን ልጽፍ ነበር። እጄ ግን ያን የምሳ ሰዓት አስታወሰ። ቅጹን ይዤ ወጣሁና በምክንያት ሳጥኑ ውስጥ እውነቱን ጻፍኩ፦ ሐረጉን የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ የሰረዝኩትም ወይዘሪት ወይንሸት ከእኔ ስለበለጠች ነው።

ሳላስገባው በፊት እሷ ማንበብ ነበረባት። አያት ባቡሩ መጨረሻ አጠገብ ካለ ጭማቂ ቤት ቀጠርኳት። እየሳቀች መጣች። ወረቀቱን ሰጠኋት። አንዴ አነበበችው፣ ልክ እንደዚያን ሰኞ በጣቷ ከላይ ጀምራ ደግማ አነበበችው።  

"ጧፉን ስትይዝልኝ ታውቅ ነበር?" አለች።

"አውቅ ነበር" አልኳት።

 ጭማቂውን አልነካችውም። ቦርሳዋን አንስታ ቆመችና "ለእናቴ እንዳትነግራት" አለችኝ። "እናቴ ‹ለልጄ አለቆቿን የለመነላት› ብላ ጠዋት ጠዋት ስምህን እየጠራች ትመርቅሃለች። ፎቶውን እኔ በዘዴ አወርደዋለሁ። እሷን ግን አትግደልብኝ።"

ይቅር በይኝ አላልኳትም። ሰርቄያት፣ ዋሽቻት፣ አሁን ደግሞ እኔን የማቅለሉን ሥራ ልጨምርባት? እናንተንም አልጠይቅም። ቅጹን በማግስቱ አስገባሁ፤ አቶ መስፍን ለሰኞ ጠርተውኛል፣ የሚመጣው ይምጣ። ወይንሸት እስከ ዛሬ አልደወለችም። የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ነጋ፣ ፀሐይ ወጣ፤ እትዬ አስካለ ይህን ጊዜ ተነስተዋል፣ ዛሬም መርቀውኛል።