የቦይለሩ ሦስት መስመሮች

ሂክማን አታውቋት ይሆናል። አሌክሳንድሪያ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የጥገና ሠራተኛ ናት፤ ሰውነቷ ሚጢጢ፣ አፏ ግን አይጣል ነው! ሥራ ያስገቧት ከሲልቨር ስፕሪንግ እየተመላለሱ እዚያ ምድር ቤት ያረጁት ጋሼ ዋቅጅራ ናቸው። እሷ ያኔ ገና በሙከራ ላይ ነበረች።

አንድ ጠዋት እንግዶች መቀበያውን፣ ፍሮንት ዴስኩን፣ አጨናነቁት፤ የሻወሩ ውኃ ለብ ከማለት አላልፍ ብሏል። ማናጀሯ ምድር ቤት ወርዳ፣ «ቦይለሩን ማነው ያበላሸው?» አለች። ውኃውን ከሚያሞቁት ሦስት የቦይለሩ ኤለመንቶች አንዱን በቅርቡ የቀየረችው ሂክማ ናት፤ ሁለቱን ጋሼ ዋቅጅራ። «መልሱን ይዛችሁ ኑ» ብላ ወጣች።

ጋሼ ዋቅጅራ በሩን ዘጋ አድርገው፣ «ስሚ ልጄ፣ የጋሼ ዋቅጅራ ጥፋት ነው በያት። እኔን ሽማግሌውን ምን ያደርጉኛል? አንቺን ግን ያባርሩሻል» አሏት። ወይ የኛ ሰው!

«መጀመሪያ እንለካው ጋሼ።»

ቦይለሩ የሚሠራው በስሪ ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ሦስቱ ኤለመንቶች በሦስት ማዕዘን ተያይዘው እያንዳንዱ በሁለት መስመር መካከል ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ መስመር ደግሞ ሁለት ኤለመንት ይመግባል። ሁሉም ደህና ሲሆኑ በሦስቱም መስመር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ፣ ከረንቱ፣ እኩል ነው። አንዱ ኤለመንት ከሞተ ግን እሱን የያዙት ሁለት መስመሮች ከረንታቸው ይወርዳል፣ ሦስተኛው ንቅንቅ አይልም።

ሂክማ ሽቦ የሚያቅፈውን የከረንት መለኪያዋን በየመስመሩ ላይ አሳረፈችው። የመጀመሪያው ወርዷል። ሁለተኛውም ወርዷል። ሦስተኛው እንደነበረ ነው። በሁለቱ በወረዱት መካከል ያለው ኤለመንት የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገም፤ የራሷ ነው።

«ከኛ ሌላ ማን አየ?» አሉ ጋሼ ዋቅጅራ።

«እኔ አየሁ» አለችና ደረጃውን ወጣች።

ማናጀሯ ፊት ቆማ፣ «የኔ ሥራ ነው። ኃይሉን ዘግቼ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ» አለቻት። ማናጀሯ ትክ ብላ አየቻት። «አስተካክይው። ሙከራሽ ግን ተራዝሟል» አለቻት፤ አላባረረቻትም። እኔማ እንደ ሂክማ ያለ ወኔ ከየት ይመጣል እላለሁ!

ኃይሉን ዘግታ ቦይለሩን ስትከፍተው፣ የኤለመንቱን ሽቦ የያዘውን ብሎን በደንብ አላጠበቀችውም ኖሯል፤ የሽቦው ጫፍ አሮ ከስሏል። አዲስ ጫፍ ገጥማ፣ ብሎኑን አጥብቃ፣ ኃይሉን መልሳ ደግማ ለካች፤ ሦስቱም እኩል። ጋሼ ዋቅጅራ ባትሪ ይዘው ያበሩላታል።

«ሂክማ» አሏት፤ ልጄ አላሉም። «እኔ ብሆን ዝም ነበር የምለው።»