ማስተዋል ብቻዋን የሠራችው ፊልም

መተማ ዮሐንስ ውስጥ ባለፉት ስድስት ዓመታት ከተሞሸሩት ግማሾቹን የቀረጸችው ማስተዋል ናት። ሙሽሪት ስታለቅስ ከየትኛው ጎን እንደምታምር፣ ሚዜው ሰክሮ ከመውደቁ በፊት ካሜራው ወዴት መዞር እንዳለበት አሳምራ ታውቃለች። "አንችስ መቼ ነው የምትዳሪው?" የሚሏትን እናቶች ካሜራውን ፊታቸው ላይ ደቅና ዝም ታሰኛቸዋለች። ካሜራ ሲደቀንባት ነጠላዋን ማስተካከል ትታ ሰው የምታማ እናት እስካሁን አልተገኘችም።

የማትዳርበትን ምክንያት ካወቀች ቆይታለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት በመጣ ሚሞሪ ካርድ ውስጥ፣ ጥቂት ወዳጆች ባላቸው ሳንቲም የሠሩትን የሩቅ አገር ፊልም አገኘች። ሁለት ሴቶች ባሕር ዳር ባለች ከተማ አብረው ያድጋሉ፣ ይዋደዳሉ፤ በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ማዳመጫ ሰክታ ሦስት ጊዜ አየችው። እንደሷ ያለ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ስታውቅ ደስታዋ ለከት አጣ። ቅር ያላት ባሕሩ ብቻ ነበር። እሷ የምታውቀው ሰሊጥ ነው።

ከዚያ ዙፋን መጣች። ከጎጃም ሰሊጥ ልታጭድ ወርዳ በዚያው የቀረች፣ አሁን ከማስተዋል ፎቶ ቤት አጠገብ ፉል የምትሸጥ፣ ሳቋ ሦስት ሱቅ ተሻግሮ የሚሰማ ሴት ናት። ማስተዋል ወደደቻት። ልቧን በቃል ብታወጣው ግን ዙፋን እንዳትርቃት ፈራች፤ ወሬው ከወጣ ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር ከዘመድ ያቆራርጣል፣ ወህኒም ያስወርዳል። ስለዚህ የምትችለውን አደረገች፤ እሷም ፊልም ሠራች።

ማንን ታሠራ? ማንም የላትም። ባለፈው ጥቅምት ኮኪት አጠገብ ያለው የአጎቷ የአቶ ደምለው ማሳ ሲታጨድ፣ ሠራተኞቹ ምሳ ላይ ሲያርፉ ስልኳን ግንድ ላይ እያቆመች የፊልሟን ሁለት ሴቶች ራሷ ሆነች፤ አንዷ ባለ ቀይ ሻሽ፣ አንዷ ባለ አረንጓዴ። ፊት አይታይም፤ እጅ፣ ጀርባና ጥላ ብቻ። ሁለቱ ያጭዳሉ፣ ነዶ ያስራሉ፣ ነዶውን አደጋግፈው እንዲደርቅ ሂላ ያቆማሉ፣ ከአንድ ኮዳ ውኃ ይጠጣሉ። አጎቷ አይተው "ምነው ልጄ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ?" አሏት። የሠርግ ማስታወቂያ ነው ብላ ዋሸች።

ኤዲቱ ከሠርግ ሥራ ጋር እየተጋፋ እስከ ነሐሴ ቆየ። አሥራ አንድ ደቂቃ ወጣው። ስሟን ቀይራ ለአንድ የውጭ አገር ትንሽ ውድድር ልትልከው አሰበች፤ መጀመሪያ ግን ዙፋን ትየው አለች።

ዙፋን ፉል ቤት የቁርሱ ግርግር ጋብ ሲል ስልኩን ሰጠቻትና ብርጭቆ ማጠብ ያዘች። አንዱን ብርጭቆ አራት ጊዜ አጠበችው። ዙፋን አልሳቀችም። ዙፋን አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳትስቅ መቆየቷ ለብቻው ጉድ ነው። ማስተዋል በቃ፣ አለቀልኝ አለች በሆዷ።

ዙፋን ፊልሙን ወደኋላ መልሳ አንድ ቦታ ላይ አቆመችው።

"ይኸ ሂላ አጋድሏል" አለች።

"እ?"

"ሂላ ሲቆም አንዱ ነዶውን ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ያስጠጋል። ብቻውን ያቆመ ሰው እንዲህ ይጋደልበታል። ስምንት ዓመት ያጨድሁትን እኔን ልታታልይ ነው? ቀዩም አንች፣ አረንጓዴውም አንች።"

ማስተዋል ብርጭቆውን አስቀመጠች። "የሚይዝልኝ አልነበረማ።"

"ጠየቅሽኝ?"

"ፈራሁ፣ ዙፋኔ። ስለምን እንደሆነ... ገብቶሻል?"

ዙፋን ወደ በሩ ዞር ብላ ሰው አለመኖሩን አየች። ከዚያ የማስተዋልን እርጥብ እጅ ያዘች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ገብቶኛል። እኔም እንዳንች ነኝ። የምናገረው ሰው አጥቼ ነው እንጅ" አለች። አፍንጫዋን ጠረገች። "ይኸን የተጋደለ ነገር ግን ለማንም እንዳትልኪ። ጥቅምት ይምጣ፣ ነዶውን እኔ እይዝልሻለሁ።"

ውድድሩ በዚያው ሳምንት ተዘጋ። ማስተዋል አልቆጫትም። በየሁለት ቀኑ ለአጎቷ እየደወለች ሰሊጡ ደርሶ እንደሆነ ትጠይቃለች፤ እሳቸውም ልጅቱ በመጨረሻ ገበሬ ልትሆንልኝ ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል።